ዶክተር ያልነው ልጅ

ወንድሜን መጀመሪያ «ዶክተር» ያለው እውነተኛ ዶክተር ነው። ያኔ ልጁ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባታችን የሆስፒታል በር ጥበቃ ነው። እናታችን በሞተች በጥቂት ወራት፣ እኔ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ ስለነበርኩ ልጁን የሚይዝለት አጥቶ ሥራ ቦታ ይዞት ሄደ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም በሩ ላይ ሲደርሱ የመኪናቸውን መስታወት ዝቅ አድርገው «ደህና አደርክ ዶክተር» ብለው ጨበጡት። ቀልድ ነበር። ሰውየው መኪናቸውን ሳያቆሙ ረስተውታል ብዬ እወራረዳለሁ። አባቴ ግን ያችን ቀልድ እንደ ዲግሪ ጠቅልሎ ቤት ይዟት ገባ።

ከዚያ ወዲያ፣ አስተማሪ ስም ሲጠራ ካልሆነ በቀር፣ ልጁን በስሙ የጠራው የለም። ኳስ ሜዳ «ዶክተር፣ አቀብለኝ» ይሉታል። ሱቅ ሲላክ ባለሱቁ «ዶክተር ምን ይታዘዝ» ይለዋል። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የሰፈሩ ሰው የመድኃኒት ብልቃጡንና የራጅ ፊልሙን እየያዘ ቤታችን ይመጣ ጀመር። እሱም ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንስቶ፣ ቅንድቡን ቋጠር አድርጎ ያያል። ምን እንደሚያይ እግዜር ይወቅ። «ምንም አይልም፣ ለሐኪሙ ግን አሳዩት» ይላል፤ ሰውየውም መርቆት ይሄዳል። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ፉት እያለ ያየዋል። ያን የአባቴን ፊት ያየ ሰው ልጁን «ተው» ለማለት አፍ አይኖረውም። እኔም አልነበረኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ስለሆነች የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የወፈረ ሰው ሱሪ አሰፋለሁ፣ የከሳውን አጠባለሁ። በዚያ በፈተናው ዓመት አባቴ «ለጊዜው ቤት ብትሆኚልኝ» አለኝ። ያ ጊዜ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ይህን የማነሳው ለማማረር አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማማረርም ነው። አንዱ ዶክተር እንዲሆን አንዱ ቤት መቅረት ነበረበት፤ ማን ይቅር ተብሎ ግን ስብሰባ አልተጠራም።

ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይህን አልክድም። ኮሌጅ ገብቶ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ሕክምና የሚያስገባ ውጤት ነበረው። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ሁለት ዓመት አንድ ላይ ካስተማረ በኋላ የሚቀጥሉበትን ክፍል እንዲመርጡ ቅጽ ይሰጣቸዋል። በዚያ ዓመት ደግሞ አዲስ ደንብ ወጣ። ማንም ተማሪ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት፣ እወደው ይሆናል በሚለው ሥራ ላይ ሦስት ቀን ውሎ፣ የዋለበትን መሥሪያ ቤት ማህተም ማምጣት አለበት። ምርጫው የራሱ ነው፤ ሌላ ቦታ ውሎ ሌላ ቢጽፍም የሚከለክለው የለም። ቅጹ የሚመለሰው በሁለተኛው ሳምንት አርብ፣ እስከ አሥር ሰዓት ነው። ያልመለሰውን ጽሕፈት ቤቱ ቦታ በተረፈበት ይመድበዋል።

አባቴ ይህን ሲሰማ ከሐኪሞቹ አንዱን ሊለምንለት ተነሳ። ወንድሜ «ሌላ ሆስፒታል ደርሶኛል» ብሎ መለሰው። ሰኞ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ አንገቱ በፀሐይ ተለብልቧል፣ ጫማው እስከ ማሰሪያው ቀይ ጭቃ ነው።

«ጭቃው የየትኛው ክፍል ነው? የቀዶ ጥገናው?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እታለም፣ ሆስፒታል አልሄድኩም። ቀያሾች ጋ ነው የዋልኩት። ከከተማው ዳር መንገድ ሊወጣ ስለሆነ መሬቱን እየለኩ ነው። በሦስት እግር የሚቆም መሣሪያ አላቸው፣ በሱ ስታዪ...»

«አባዬ ቢሰማ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?» ብዬ ከአፉ ነጠቅኩት።

«አንቺ ካልነገርሽው አይሰማም።»

«እኔ አልነግረውም። አንተም ለእኔ አትንገረኝ። ሂድ ጫማህን እጠብ።»

በመሣሪያው ሲታይ ምን እንደሚታይ አልጠየቅኩትም። ተናድጄ ነበር። እኔ ከስፌት መኪናዬ ያልተነሳሁት እሱ በሜዳ ላይ ጭቃ እንዲያቦካ ነው እንዴ አልኩ በሆዴ።

ማክሰኞ የባሰውን ጭቃ ይዞ መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፤ አባቴ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይገባል። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ባልዲ ውሃ አጠገቡ አድርጎ አንዱን ጫማ በብሩሽ ይፈገፍጋል፤ ዓይኑ ግን መንገዱ ላይ ነው። ጋሽ ፖስታ የመጡት በዚህ መሀል ነው።

ጋሽ ፖስታ ጎረቤታችን ናቸው። አርባ ዓመት ደብዳቤ ያደሉ፣ ጡረታ ወጥተውም ማን የት እንደሚኖርና የማን ውሻ እንደሚናከስ የማይጠፋቸው ሰው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ልባቸውን ስለሚያማቸው ከአምስት ዓመት ጀምሮ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይወስዳሉ። ያን ዕለት አዲስ ካርቶን ይዘው ነበር።

«ዶክተር፣ ይቺን ዛሬ ሰጡኝ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ በመስኮቷ ውስጥ ሆና የሆነ ነገር ብላኝ ነበር፤ ይሄ ጆሮዬ እንደሆነ ታውቀዋለህ። እንደ በፊቱ ሁለት ሁለት ነው አይደል?»

«አዎ ጋሽ ፖስታ፣ እንደ በፊቱ ነው።»

ካርቶኑን አላየውም። እኔ ዚፕ እየገጠምኩ ነበር፤ እግሬን ከመርገጫው አንስቼ ቀና አልኩ። ሰውየው ካርቶኑን ዘርግተው ነው የያዙት። ዓይኑን ከመንገዱ ቢነቅል አፍንጫው ሥር ነበር፣ አልነቀለም። «ኧረ አንብብላቸው» ልል አሰብኩና ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ። መልሱ ያሳፍራል። ያውቃል ብዬ ነው። በዶክተርነቱ ስንቀልድ ኖረን፣ እኛው ቀልደን እኛው አምነነው ነበር።

ጋሽ ፖስታ «ተባረክ» ብለው ሄዱ። አባቴ ሲገባ ጫማው ንጹሕ ሆኖ ጠበቀው።

ሦስቱ ቀን አለፈ፤ ማህተሙ መጣ። ቅጹ ግን በአራት ታጥፎ በደብተሩ ውስጥ ባዶውን ተቀመጠ። አባቴ በየቀኑ «ሞላኸው?» ይላል። ወንድሜ «አርብ ነው የሚመለሰው» ይላል። በሁለቱ መሀል ተቀምጬ ጨርቅ እቀዳለሁ፤ መቀሱ እንኳ ድምፁ በዝቶብኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ጋሽ ፖስታ ቁልፍ ላስተክል ብለው ሸሚዝ ይዘው መጡ። ክንዳቸው ላይ መዳፍ የሚያህል የበለዘ ነገር አየሁ።

«ምን መታዎት?»

«እንጃ፣ በሩ ይሆናል። እኔና በሩ ከድሮም አንስማማም።»

ሳቅን። ቁልፉን ተከልኩላቸውና ሄዱ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ደጁ ተንኳኳ። «ዶክተር አለ?» አሉ ጋሽ ፖስታ። አፍንጫቸውን በፎጣ ይዘውታል። ፎጣው ነጭ እንደነበረ ያወቅኩት ከጫፉ ነው።

«ጋሽ ፖስታ፣ ምን ሆኑ?»

«ነስር ነው። ከነጋ ጀምሮ እምቢ አለኝ።»

ወንበር አቀረብኩላቸው፣ ከመቀመጣቸው ጭንቅላታቸው ወደ ጎን ዘንበል አለ። ወንድሜ ከጓዳ ሲወጣ እስክሪብቶ በእጁ ነበር። አያቸው፣ ክንዳቸውን አየ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ኪኒኑን ስንት ነው የሚወስዱት?»

«ሁለት። አንተ እንዳልከኝ።»

«ካርቶኑ የት አለ?»

ከኮት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ አነበበው። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እታለም፣ የዚህ አንዱ ፍሬ የድሮውን ሁለቱን ያህላል» አለኝ። ካርቶኑን አሳየኝ፤ በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ፣ በትልቁ፣ «በቀን አንድ» ተብሎ ተጽፏል። ያ መድኃኒት ሲበዛ ደም መርጋት ይተዋል። ይህን ለማወቅ እኔም ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም፤ ፎጣው ይናገር ነበር።

በታክሲ ይዘናቸው ሄድን። አባቴ በሩ ላይ ነበር። በታክሲው መስታወት ውስጥ ሲያየን የበሩን ሰንሰለት ለቆ ሮጠ፤ ተሽከርካሪ ወንበር አምጥቶ ራሱ ደግፎ አወረዳቸው። እየገፋቸው ሲሄድ ለሥራ ባልደረባው «ልጄ ነው፣ ዶክተሩ፣ እሱ ነው አይቶ ያመጣቸው» ሲለው ሰማሁት። በዚያች ሰዓት እንኳ አላስቻለውም።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እጅጌዋን የጠቀለለች ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። ጋሽ ፖስታን አልጋ ላይ አስተኟቸው፣ ዓይናቸው ተከደነ። ስታናግራቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃል አይወጣም። ወደ እኛ ዞረች።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የደም ማቅጠኛ» አለ ወንድሜ።

«መጠኑን በትክክል ነው የሚወስዱት?»

አባቴ ከወንድሜ ትከሻ ኋላ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ወንድሜ አልዞረም፤ ግን እዚያ መቆሙን ያውቃል፤ ማወቁን ከአንገቱ አየሁት።

«አዎ» አለ። «እንደታዘዘላቸው።»

ሐኪሟ ጻፈች። «እንግዲህ አፍንጫውን እናሽግና ደም እንመርምር። ውጤቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ እስከዚያ እናያለን» አለችና ወደ አልጋው ዞረች። ካርቶኑ በወንድሜ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነው፤ ማዕዘኑ በጨርቁ ላይ ወጥቶ ይታየኛል።

እጁን ይዤ ወደ መተላለፊያው ጎተትኩት።

«ንገራት።»

«አባዬ ቆሟል።»

«አይቼዋለሁ።»

«ደማቸውን ሊመረምሩ አይደል? ራሳቸው ያገኙታል።»

«ሁለት ሰዓት አለች። ሁለት ሰዓት ያላቸው ይመስልሃል?»

እውነቱን ልናገርና፣ ግማሽ ልቤ ዝም እንዲል ፈልጎ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቤቱ የቆመው በዚያ አንድ ቃል ነው። አባቴ በዝናብ በር የከፈተው፣ እኔ ዓይኔ እስኪደክም መርፌ ያሾለክሁት፣ ሁሉም ለዚያ ቃል ነው። አሁን እኔው ልጁን ገፍቼ ቃሉን ላስጥለው ነው። በመጋረጃው ቀዳዳ የጋሽ ፖስታ እግር ይታያል፤ የአንዱ ካልሲያቸው ተረከዝ ተቀዷል። ያ ካልሲ አንጀቴን በላው።

«እስከ አሥር እቆጥራለሁ» አልኩት። «ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ። ከእኔ አፍ ከሰማች ግን ሁለተኛ ዓይንህን አላይም።»

መቁጠር ጀመርኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። አንድ ታካሚ ገልመጥ አድርጎኝ አለፈ። አራት ስል ወንድሜ ዞሮ ገባ።

«ዶክተር» አላት። ያን ቃል እሱ ለሌላ ሰው ሲለው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ሁለት ነው የሚወስዱት። መውሰድ የነበረባቸው አንድ ነው።» ካርቶኑን አውጥቶ ሰጣት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዘጠኝ ቀን።»

«አሁን እንደታዘዘላቸው ነው አላልከኝም?»

«ዋሽቼ ነው።»

«ሁለት ውሰዱ ያላቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ከካርቶኑ ላይ ቀና አለች። «አንተ ማነህ? የሕክምና ተማሪ ነህ?»

አባቴ አፉን ሲከፍት አየሁት። ልማድ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሁልጊዜ እሱ ነበር።

«አይደለሁም» አለ ወንድሜ ቀድሞት። «ምንም አይደለሁም። ሰፈር ውስጥ ዶክተር ስለሚሉኝ ነው የጠየቁኝ። ካርቶኑን ሳላየው ነው የመለስኩላቸው።»

ለቁጣ ጊዜ አልነበራትም። ለነርሷ የመድኃኒቱን ማርከሻ እንድታመጣ፣ ደም እንዲዘጋጅ እየተናገረች መጋረጃውን ሳበችው፤ እኛን በትከሻዋ ገፍታ አስወጣችን። አባቴ ኮፍያውን እያገላበጠ ትንሽ ቆመ። «በሩን ጥዬ ነው የመጣሁት» አለ። ወንድሜን ሳያየው ሄደ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ ድምፅ ማጉያ አለ፤ በየአሥር ደቂቃው «ዶክተር» ብሎ ጀምሮ የሆነ ሰው ይጠራል። በተጠራ ቁጥር ወንድሜ ቀና ይልና ተመልሶ አንገቱን ይደፋል። አሥራ አራት ዓመት ሲጠራበት የኖረ ሰው ጆሮው ቶሎ አይተውም። ነርሷ ሁለት ጊዜ የደም ከረጢት ይዛ ገባች። አንድ ጊዜ ሮጣ ወጣች፤ ያኔ እጄን ያዘኝ።

«ቢሞቱስ?» አለኝ።

አይሞቱም ማለት ነበረብኝ። ታላቅ እህት እንዲህ ነው የምትለው። ያን ቃል ግን ያን ቀን ማውጣት አቃተኝ። «አላውቅም» አልኩት። «እኔም እኮ ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ዞሮ አየኝ። «ሰምተሽ ነበር?»

«ዚፕ እየገጠምኩ ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሐኪሟ ወጣች፤ እኛም እኩል ተነሳን። «ደሙ ቆሟል» አለች። «ጥቂት ቀን ይተኛሉ።» ልትሄድ ብላ ተመለሰችና ወንድሜን «ሁለት ሰዓት ብጠብቅ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግርህ» አለችው። እኛም ወደ ውስጥ ገባን።

ጋሽ ፖስታ አፍንጫቸው ታሽጎ ድምፃቸው ሌላ ሰው መስሏል። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ቆሞ ይቅርታ ለማለት ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አቋረጠ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«አርባ ዓመት ስሠራ አንዲት ደብዳቤ ለተሳሳተ ሰው ሰጥቼ አላውቅም» አሉ። «ጡረታ ስወጣ ተሳሳትኩ።»

ወንድሜ መተላለፊያው ውስጥ ወጥቶ አለቀሰ። እኔም ጋሽ ፖስታ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ያን ቀን አባቴ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቤት ገባ። ሻይ አቀረብኩለት፣ አልነካውም። «ቅጹን አምጣው» አለ። ወንድሜ ከደብተሩ ውስጥ አውጥቶ ሰጠው። አባቴ ዘርግቶ የቀያሾቹን ማህተም ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ የሆስፒታል ነው?»

«አይደለም አባዬ። ሆስፒታል አልሄድኩም።»

እንዲጮህ ጠበቅሁ። ቢጮህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጩኸት ያልፋል። እሱ ግን ቅጹን እንደነበረው በአራት አጥፎ መለሰለትና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። አንዱን ማሰሪያ ለመፍታት የወሰደበት ጊዜ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወንድሜ ጋር ኮሌጅ ሄድኩ። እንድሄድለት አልጠየቀኝም፤ ብቻውን መልቀቅ ስለፈራሁ ነው። የሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ድረስ ደርሷል። ወንድሜ ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ሕክምና ብዬ ልጻፍለት» አለኝ።

«ምን?»

«ትናንት ካደረግኩት በኋላ ሌላ ምን ልስጠው? ቢያንስ ይሄን ልስጠው። ሰባት ዓመት ነው፤ እለምደዋለሁ።»

«ትናንት የት ነበርክ አንተ? በሽተኛ ለአባትህ ስጦታ ነው እንዴ?»

እስክሪብቶው ግን አሁንም ወረቀቱ ላይ ነው። እጁን ልይዘው አሰብኩና ተውኩት። እስካሁን ሁላችንም ይዘነው ነው እዚህ የደረሰው። ሰልፉ ገፋ ሲል እኛም ገፋን። ከፊታችን አሥራ አምስት ሰው ያህል አለ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። በዚህ መሀል በግቢው በር አንድ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲገባ አየሁ፣ ኮፍያው በእጁ ነው። አባቴ ነበር። መጥቶ ከእጁ ቀምቶ ሊሞላው ነው ብዬ ነበር።

መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ላቡን ጠረገ። የኮሌጁን ጥበቃ በዓይኑ ሰላም አለው፤ ጥበቃዎች ባይተዋወቁም ይተዋወቃሉ። ከዚያ ወንድሜን ሳይሆን ከፊቱ የቆመውን ተማሪ ጀርባ እያየ ጠየቀ።

«ቀያሽ ምንድን ነው የሚሠራው?»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ ምን ላድርገው፣ እኔም አላውቅም።

«መሬት ይለካል» አለ።

«እሱማ ገባኝ። እንዴት ነው የሚለካው?»

መጀመሪያ ሲናገር እየተንተባተበ ነበር። መሣሪያው ሦስት እግሩን ተክሎ ሲቆም፣ ከማዶው ጉብታ ላይ ዘንግ የያዘውን ሰው እንዴት አቅርቦ እንደሚያሳይ ነገረው። ሳይዘንብ በፊት ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ ከቁጥሩ እንደሚታወቅ ነገረው። ሰልፉ ሲገፋ እየተናገረ ይገፋል። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እኔም አዳመጥኩ። ያሳደግኩት ልጅ፣ አፍንጫውን የጠረግኩለት፣ ስለሚወደው ነገር ሲያወራ ሰምቼው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ፤ አፈርኩ።

«ከአንድ ነጥብ ትነሳለህ» አለ ወንድሜ። «ዙሪያውን ሁሉ ለክተህ ስትጨርስ ወደ ተነሳህበት ትመለሳለህ። ቁጥሩ ከመነሻው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ አንድ ቦታ ተሳስተሃል። ማንም ሳይጎዳ፣ ገና መንገዱ ሳይሠራ፣ ስህተትህን ታየዋለህ።»

«ካልገጠመስ ምን ታደርጋለህ?»

«እንደገና ትለካለህ። ሳይገጥም አይታለፍም። ሦስተኛው ቀን ላይ አልገጠመልኝም ነበር። ሁሉም ቁጭ ብለው ጠበቁኝ፤ አልተቆጡም። እስኪገጥም ለካሁ።»

አባቴ ኮፍያውን ራሱ ላይ አደረገ፣ መልሶ አወለቀው። ከፊታችን ሦስት ሰው ቀርቷል። «በማላውቀው ነገር ስም ነው ስጠራህ የኖርኩት» አለ። «ሐኪሞቹን በሩ ላይ ሆኜ ሲገቡና ሲወጡ ነው የማያቸው፣ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ትናንት ነው ያየሁት። ጻፈው።»

«ምን ልጻፍ?»

«የነገርከኝን ነዋ።»

ወንድሜ ግድግዳው ላይ ጻፈው። ግድግዳው ሻካራ ስለነበር ፊደሉ አላማረም። የመስኮቷ ሴትዮ ውጤቱን አየች፣ ምርጫውን አየች፣ «እርግጠኛ ነህ? በዚህ ውጤት?» አለችው። «ነኝ» አላት። ማህተሙን መታችው። አሥር ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ወደ ቤት በእግር ሄድን። አባቴ በመሀላችን ነው። ነገሩ እንዳልሻረለት ያስታውቃል፤ በአንድ ቀን የሚሽር ነገርም አይደለም። ድልድዩን እንዳለፍን ቀስ አለ።

«አንቺስ?» አለኝ።

«እኔ ምን?»

«ያኔ፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሽ። ቤት ሁኚልኝ ስልሽ። ምን መሆን ነበር የምትፈልጊው?»

ለዚህ ጥያቄ አሥራ አራት ዓመት የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ። ስንት ዩኒፎርም ስሰፋ በሆዴ ተለማምጄዋለሁ፤ የት ላይ ድምፄን ከፍ እንደማደርግ፣ የት ላይ በሩን ወርውሬ እንደምወጣ ሁሉ አውቅ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ያኔ የፈለግሁትን አልረሳሁትም። ግን ያ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፍላጎት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላት ሴት ምን እንደምትፈልግ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

«ላስብበት» አልኩ።

አባቴ ቆመ፣ ወንድሜም ቆመ። ሰው በግራም በቀኝም እየዞረን ሲያልፍ፣ ሁለቱ እዚያው መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።